ኮምፒዩተሩ ታደሰ፣ ዓይን ደከመ

የሶፍትዌር ማሻሻያ በንግድ ቤቶች ላይ የሚያስከትለው፣ ደረሰኝ የማይቆረጥለት ወጪ

በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስ ስንዴ ሲመዘን ገዢም ሆነ ሻጭ ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አይነቅልም። ጠንቃቃ ነጋዴ ሚዛኑ ከቦታው ከተነሣ ወይም ከተጠገነ በኋላ ክብደቱ የታወቀ ነገር ጭኖ ሳያረጋግጥ አንድ ኩንታል እንኳ አይቀበልበትም። የተመዘነው እህል ኮምፒዩተር ላይ ሲመዘገብ ግን ነገሩ ይለያል። ኪሎውን፣ ዋጋውንና የሻጩን ስም ከስክሪኑ ላይ የምታየው መዝጋቢዋ ብቻ ናት። የእርሷ ዓይን የንግድ ቤቱ ሁለተኛ ሚዛን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁለተኛ ሚዛን ግን ሳይታሰብ ይነካካል። ባለቤቱ ሳያዝ፣ መዝጋቢዋም ሳትጠየቅ፣ ኮምፒዩተሩ ኢንተርኔት ሲያገኝ በተለምዶ “አፕዴት” የሚባለውን ማሻሻያ አውርዶ ይጭናል። በማግሥቱ ጠዋት ሲከፈት ፊደሉ ቀጥኖ ወይም ጠርዙ ደብዝዞ፣ የገጹ ነጭነት ዓይን የሚወጋ ሆኖ፣ መስኮቶቹም እየተንሸራተቱ የሚከፈቱ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። እስከ ምሳ ሰዓት ግንባር ይከብዳል፤ ከሰዓት በኋላ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ቁጥር አልገጥም ይላል።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚላከከው በሠራተኛው ላይ ነው። ጎልማሳ ከሆነ “አረጀ”፣ ወጣት ከሆነ “ሰነፈ” ይባላል። ይሁን እንጂ የችግሩ ምክንያቶች በአብዛኛው የሚታወቁ ከመሆናቸውም በላይ ብዙዎቹ ገንዘብ ሳይወጣባቸው በጥቂት ደቂቃዎች የሚስተካከሉ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገበያው ከጆሮ ወደ ዓይን ተዛውሯል

የዓይን ጉዳይ የንግድ ጉዳይ የሆነው ገበያው ራሱ ወደ ስክሪን በመዛወሩ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ሲጀምር ግብይቱ የሚካሄደው በአዳራሽ ውስጥ ነበር። ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ቆመው ዋጋ እየጠሩ ይከራከራሉ፤ ሲስማሙም መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ውሉን ያጸናሉ። ያኔ የሚደክመው ጉሮሮና እግር ነበር። ምርት ገበያው ከ2015 ጀምሮ ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት ሲሸጋገር ግን የአገናኙ መሣሪያ ዓይኑ ሆነ። በጃንዋሪ 2025 በይፋ የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ደግሞ ከመነሻውም በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የቆመ ነው።

ለውጡ በአዲስ አበባ ብቻ አልተወሰነም። ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በወረዳ ከተማ ያለ የእህል ነጋዴም ገንዘብ መግባቱን የሚያረጋግጠው በእጅ ስልኩ ስክሪን ላይ ነው። የስልክ መተግበሪያዎችም እንደ ኮምፒዩተሩ በየጊዜው ይታደሳሉ፤ መልካቸውም ይለወጣል። ትናንት ቁልፉ በነበረበት ቦታ ዛሬ ሌላ ነገር ይቀመጣል።

በዚህ ሁኔታ አንድ ስህተት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል በምሳሌ ማስላት ይቻላል። በኩንታል 4,380 ብር የተባለ ዋጋ በደበዘዘ ስክሪን 4,330 ተብሎ ቢነበብ ልዩነቱ 50 ብር ነው። ጭነቱ 200 ኩንታል ከሆነ ግን 10,000 ብር ይሆናል። 3 ቁጥርና 8 ቁጥር የሚለያዩት በግራ ጎናቸው ባለችው ክፍተት ብቻ ነው። ጠርዙ በደበዘዘ ፊደል መጀመሪያ የምትጠፋውም ያቺው ክፍተት ናት።

ፊደልን ማን ያደበዝዘዋል?

ስክሪን በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። ፊደል ደግሞ ቀጥ ያለም የተጠማዘዘም መስመር አለው። ክቡን መስመር በካሬ ነጠብጣቦች ለመሣል ኮምፒዩተሩ የፊደሉን ጠርዝ በግራጫ ወይም በልዩ ልዩ ቀለማት ያለሰልሰዋል። ማይክሮሶፍት “ክሊርታይፕ” የሚለውን የማለስለሻ ዘዴ በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር አቅርቧል። የማለስለሻው ስሌት በተለወጠ ቁጥር ያው ፊደል፣ በዚያው ስክሪን ላይ፣ ወፍሮ ወይም ቀጥኖ ይታያል። ዓይን ጠርዙ ያልጠራ ነገር ሲያይ አጥርቶ ለማየት በየጊዜው ራሱን ያስተካክላል። የሚደክመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በግምት የሚነገር አይደለም። በ2011 የወጣው ፋየርፎክስ 4 ፊደል የሚሥልበትን መንገድ በዊንዶውስ ላይ ሲለውጥ ከተጠቃሚዎች “ጽሑፉ ደበዘዘ” የሚል አቤቱታ ቀርቦበታል። የጉግል ብራውዘር ክሮምም በ2014 በ37ኛው እትሙ ተመሳሳይ ለውጥ አድርጎ ተመሳሳይ ቅሬታ ገጥሞታል። አፕል በበኩሉ በ2018 ባወጣው “ሞሃቪ” የተባለ ሥርዓት በቀለም የማለስለሱን ዘዴ ከመደበኛ አሠራሩ አወጣ። ውጤቱ ነጠብጣቡ ብዙ በሆነው በአዲሱ ውድ ስክሪን ላይ ያን ያህል አልታወቀም፤ በአሮጌውና በርካሹ ስክሪን ላይ ግን ጎልቶ ታየ። ከዚህ ነጋዴው ሊረዳው የሚገባ ነገር አለ። አምራቾቹ ማሻሻያውን የሚያዘጋጁት በአብዛኛው አዲሱን ዕቃ አስበው ስለሆነ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ የሚሠራው ሰው ጉዳቱ ቀድሞ ይደርሰዋል።

የኢትዮጵያ ፊደል ሲሆን

በእንግሊዝኛ ለሚሠራ ሰው አስቸጋሪ የሆነው ነገር በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ይብስበታል። የአማርኛ ፊደል ቤቱን የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። “ለ” በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ አንዲት ሰረዝ ስትጨመርበት “ሉ” ይሆናል፤ ሰረዟ ወደ እግሩ ጫፍ ስትወርድ “ሊ” ይሆናል። “ገንዘቡን ተቀበለ” እና “ገንዘቡን ተቀበሉ” በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ያቺ ሰረዝ ናት። በውል ላይ የመጀመሪያው አንድ ሰው፣ ሁለተኛው ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ገንዘብ ወሰዱ ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ በሚበቃው የፊደል መጠን የአማርኛው ሰረዝ አንድ ወይም ሁለት ነጠብጣብ ብቻ ይደርሰዋል። ማለስለሻው እርሷን ግራጫ ካደረጋት አንባቢው ቃሉን የሚለየው በዓይኑ ሳይሆን በግምት ይሆናል።

ደብረ ኤልያስ ይህን ለመረዳት የሚቸገር አገር አይደለም። በቅኔ ትምህርት ቤቱ የታወቀ ሲሆን ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁም ከቤተ ክህነት ትምህርታቸው ከፊሉን የተማሩት በዚሁ ነው። በብራና ላይ ቁም ጸሐፊው ፊደሉን ጎላ አድርጎ፣ ህዳጉን ለቆ ይጽፋል። አንድ ጊዜ የተጻፈው መጽሐፍም አንባቢው ተኝቶ ሲነሣ ፊደሉን ለውጦ አይጠብቀውም። ኮምፒዩተር ግን ይህን ያደርጋል።

የቅርቡ ታሪክ ብዙ ምሳሌ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መደብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ጽሕፈት ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ የየራሳቸው መደብ ባላቸው ሶፍትዌሮች ይሠሩ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የተከፈተ የዚያ ዘመን ሰነድ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ሆኖ ይታያል። ማይክሮሶፍት በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ “ኒያላ” የተባለውን የአማርኛ ፎንት አካተተ። ብዙ መሥሪያ ቤትና ንግድ ቤትም ቅጹንና ውሉን በኒያላ አዘጋጀ። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ግን ኒያላ ከመደበኛው ስብስብ ወጥቶ ለሚፈልግ በተጨማሪነት የሚጫን ሆነ። ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ አማርኛው “ኢብሪማ” በተባለው ፎንት ይታያል። ኒያላ እንደ ብዕር ጽሕፈት ወፈር ቀጠን የሚል ሲሆን ኢብሪማ ውፍረቱ እኩል የሆነ ነው። ዓመታት በአንዱ የለመደ ዓይን በሌላው ሲተካ ንባቡ ይዘገያል፤ የመስመሩ ርዝመትም ስለሚለወጥ በአንድ ገጽ ያለቀው ውል ወደ ሁለተኛ ገጽ ይሻገራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዊንዶውስ 10ም ሆነ በዊንዶውስ 11 የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን ከሥርዓቱ የአማራጭ ዝርዝር ውስጥ ያለ ክፍያ መጫን ይቻላል። የሚያስፈልገው ለአንድ ጊዜ የኢንተርኔት ግንኙነትና ነገሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ዓይን የማያየው ብልጭታ

ሁለተኛው ምክንያት ብርሃን ነው። ብዙ ስክሪኖች ብርሃናቸው ሲቀነስ በእውነት አይደበዝዙም፤ በሰከንድ ብዙ መቶ ወይም ብዙ ሺህ ጊዜ እየበሩና እየጠፉ የደበዘዙ ያስመስላሉ። ይህን ዓይን አይለየውም፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ራስ ምታትና የዓይን ድካም ያስከትላል። የማይታይ ብልጭታ ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል ከኮምፒዩተር በፊት በመብራት ታውቋል። በ1989 በእንግሊዝ በቢሮ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው የተለመደው የፍሎረሰንት መብራት ብልጭታው እጅግ በፈጠነው ዓይነት ሲተካ የራስ ምታቱና የዓይን ድካሙ መጠን ከግማሽ በታች ወርዷል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበርም በ2015 የኤልኢዲ መብራትን ብልጭታ የሚመለከት የአሠራር ምክር አውጥቷል።

ማሻሻያ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የብርሃኑን መጠን በመለወጥ ነው። ብርሃኑን በ80 በመቶ ሲጠቀም የቆየ ሰው ኮምፒዩተሩ በራሱ 30 በመቶ ቢያደርግበት የሚበዛው ብልጭታ የሚኖርበት ክልል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሁለተኛው የግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራው “ድራይቨር” ሲተካ ወይም ሲጠፋ ነው። ትክክለኛው ድራይቨር ከጠፋ ዊንዶውስ መጠባበቂያውን ይጠቀማል፤ የነጠብጣቡ ቁጥር ይቀንሳል፤ ጽሑፉ ሁሉ የተለጠጠና የደበዘዘ ይሆናል። ቀለም የማቀላቀሉ ስሌት በየማሻሻያው ስለሚለወጥ ዓይን ይታመማል የሚሉ ተጠቃሚዎችም አሉ። ይህ ግን እንደ ደበዘዘ ፊደልና እንደ ብልጭታ በጥናት የተደገፈ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት እንቅስቃሴ ነው። አፕል በሴፕቴምበር 2013 “አይኦኤስ 7” የተባለውን የስልክ ሥርዓት ሲያወጣ መስኮቶቹ እየተመዘዙና እየገሰገሱ የሚከፈቱ ሆኑ። ማዞርና ማቅለሽለሽ ያስቸገራቸው ሰዎች አቤቱታ አቀረቡ። ኩባንያው በሚቀጥለው ወር ባወጣው ማስተካከያ እንቅስቃሴን የመቀነሻው ምርጫ ግስጋሴውን እንዲያስቀር አደረገ። ዛሬ በዊንዶውስም፣ በአንድሮይድም፣ በአይፎንም ላይ እንቅስቃሴን ማጥፊያ አለ። አብዛኛው ተጠቃሚ ግን መኖሩን አያውቅም።

የድካሙ መጠን በኢትዮጵያ

ማሻሻያው የሚያርፈው አስቀድሞ በደከመ ዓይን ላይ ነው። በጎንደር ከተማ በ2015 በኮምፒዩተር በሚሠሩ የባንክ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት 73 ከመቶ የሚሆኑት ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ የዓይን ችግር ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከምልክቶቹ መካከል ዋነኞቹ የዕይታ መደብዘዝ፣ ራስ ምታትና የዓይን መቅላት ናቸው። በደብረ ታቦር ከተማ በኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ መጠኑን 69.5 ከመቶ አድርሶታል። ሁለቱም ከተሞች የሚገኙት ደብረ ኤልያስ ባለበት በአማራ ክልል ነው።

አንዱ ምክንያት አለማርገብገብ ነው። ዘና ያለ ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ይህ ወደ ሲሶው አካባቢ ይወርዳል። ዓይን የሚረጥበው በማርገብገብ ስለሆነ እንደ ጎጃም ባለ ደጋ፣ በበጋው ደረቅ ነፋስ፣ መድረቁና መቆጥቆጡ ይፈጥናል። ፊደሉ ሲደበዝዝ ሰው ይበልጥ ያፈጣል፤ ይበልጥ ሲያፈጥ ማርገብገቡን ይተዋል።

ሌላው ምክንያት ዕድሜና መነጽር ነው። ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የዓይን ሌንስ ቅርቡን አጥርቶ የማየት ችሎታው ይቀንሳል። ይህ በሽታ ሳይሆን ለሁሉም የሚደርስ ነው። ሰውየው ግን ፊደሉ ትልቅ እስከሆነ ድረስ ሳይታወቀው ይሠራል። ማሻሻያው ፊደሉን ሲያሳንስበት ነው ነገሩ የሚገለጠው። በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የዓይን ጥናት በኢትዮጵያ ዓይነ ስውርነት 1.6 ከመቶ፣ የማየት ችግር ደግሞ 3.7 ከመቶ መሆኑን አመልክቷል። የማየት ችግር ካለባቸው መካከል ሲሶ ያህሉ ችግራቸው በመነጽር የሚስተካከል ዓይነት ነው። ለነጋዴው ይህ ማለት “አልሠራ አለኝ” ብሎ ከሚያሰናብተው ልምድ ያለው ሠራተኛ መካከል የሚያስፈልገው መነጽር ብቻ የሆነ ይኖራል ማለት ነው።

ባለሙያዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ። በስክሪን ምክንያት የሚመጣ የዓይን ድካም ዓይንን ለዘለቄታው አያጠፋም፤ ዕረፍት ሲያገኝ ያልፋል። በድንገት የዕይታ መጥፋት፣ ብርቱ ሕመም ወይም በመብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት ግን ከማሻሻያ ጋር የሚያያዝ አይደለም። እንዲህ ያለው ምልክት ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ማሻሻያን መከልከል ያዋጣል?

ይህን የሰማ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያስበው ማሻሻያውን ማቆም ነው። ይህ ግን የበር ቁልፍ ጮኸብኝ ብሎ በሩን ክፍት እንደመተው ነው። በሜይ 2017 “ዋናክራይ” የተባለው ገንዘብ ጠያቂ ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፏል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ግን ከሁለት ወር በፊት በማርች ነበር። የተጎዱት ያልታደሱት ናቸው። የደንበኛ ሒሳብ፣ የባንክ ቁጥርና የግብር መዝገብ ያለበትን ኮምፒዩተር ሳያድሱ መተው ዓይንን አድኖ ካዝናን ማጣት ነው።

በዚያ ላይ ምርጫው ራሱ እየጠበበ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ በጃንዋሪ 2020 አቁሟል። ክሮምም ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ አዳዲስ እትሞቹን ለዊንዶውስ 7 ማቅረቡን ትቷል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት አካል ስለሚጠይቅ ብዙ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በመደበኛው መንገድ አይቀበሉትም። ስለዚህ ኮምፒዩተር ለመግዛት ያሰበ ባለሀብት የዋናውን ሣጥን ፍጥነትና ዋጋ ብቻ ሳይሆን ስክሪኑንም ሊመረምር ይገባል። ስክሪኑን ከመግዛቱ በፊት በመደብሩ ውስጥ አብርቶ፣ ብርሃኑን ቀንሶ፣ አንድ ገጽ አማርኛ ከፍቶ ማንበብ ዋጋ አያስከፍልም።

ወጪው ሲሰላ

አሥር መዝጋቢዎች ያሉት ንግድ ቤት እንዳለ ይታሰብ። እያንዳንዳቸው ዓይናቸውን በማሸት፣ ተጠግቶ በማንበብና የተሳሳተውን በማረም በቀን 20 ደቂቃ ብቻ ቢያጡ በጠቅላላው 200 ደቂቃ ይሆናል። በወር 24 የሥራ ቀን ቢታሰብ 80 ሰዓት፣ በስምንት ሰዓት ሲካፈል 10 የሥራ ቀን ነው። አሠሪው በወሩ መጨረሻ ያልተሠራበትን የአሥር ቀን ደመወዝ ከፈለ ማለት ነው። ይህ ወጪ በየትኛውም መዝገብ ላይ “የማሻሻያ ወጪ” ተብሎ አይሰፍርም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከማሻሻያው በፊት ያለው ሁኔታ በደብተር ይመዝገብ። የስክሪኑ የነጠብጣብ ልክ፣ የማጉያው መቶኛ፣ የፎንቱ ስምና መጠን፣ የብርሃኑ መጠን፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ይጻፍ። ይህ ከሌለ “ትናንት ይሻል ነበር” ከማለት በቀር ወደ ነበረበት ለመመለስ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ኮምፒዩተር በአንድ ቀን አይታደስ። ዊንዶውስ ማሻሻያን ለጥቂት ሳምንታት ማዘግየት ይፈቅዳል። አንዱ ቀድሞ ይታደስ፤ አንድ ሠራተኛ ለሁለት ለሦስት ቀን ይሥራበት፤ ችግር ከሌለ ሌሎቹ ይከተሉ። ገበያው በሚደራበት ሰሞን ወይም ግብር በሚከፈልበት ወቅት ማደስ አይመከርም።

ሦስተኛ፣ ከታደሰ በኋላ ይፈተሽ። የማጉያው መቶኛ ወርዶ ከሆነ ይመለስ። የነጠብጣቡ ልክ ስክሪኑ የተሠራበት መሆኑ ይታይ። ድራይቨሩ ከአምራቹ የተገኘው መሆኑ ይረጋገጥ። የክሊርታይፕ ማስተካከያ ይከፈትና ሠራተኛዋ ራሷ በዓይኗ የጠራላትን ትምረጥ። የመስኮቶቹ እንቅስቃሴ ይጥፋ። በብራውዘር ላይ “ኮንትሮል” ቁልፍን ከመደመር ምልክት ጋር መጫን ጽሑፉን ያጎላል። ጥቁሩ ገጽ የሚስማማው አለ፤ ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ የሚፈስበትና የሚደበዝዝበት ሰውም አለ። ስለዚህ በግድ አይጫን።

አራተኛ፣ ሚዛን የሚረጋገጠው በታወቀ ክብደት እንደሆነ ሁሉ ለስክሪንም የሙከራ ወረቀት ይኑር። በወረቀቱ ላይ “ለ ሉ ሊ፣ በ ቡ ቢ፣ 3 8 6፣ 1 7” የሚሉ በሥራ ላይ በሚውለው መጠን ታትመው ከስክሪኑ አጠገብ ይለጠፉ። ያው መስመር በስክሪኑ ላይ ተጽፎ ከአንድ ክንድ ርቀት ሲታይ እንደ ወረቀቱ ካልጠራ ማስተካከያው አላለቀም። የስክሪኑ ነጭነትም ከወረቀቱ ነጭነት ጋር ሊቀራረብ ይገባል፤ እንደ አምፖል የሚያበራ ከሆነ ይቀነስ።

አምስተኛ፣ የመቀመጫው ነገር አይረሳ። ስክሪኑ በበር ወይም በመስኮት ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ይሁን። የላይኛው ጠርዙ ከዓይን ትይዩ ወይም ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ማየት የዓይን ሐኪሞች የሚመክሩት ልማድ ነው። ለዚህ ከደጃፉ ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ ይበቃል።

ስድስተኛ፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሠራተኛ ዓይኑን ይታይ። ለንባብ የሚታዘዘው መነጽር የሚለካው መጽሐፍ በሚያዝበት ርቀት ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ከዓይኑ በምን ያህል ርቀት እንደሚቀመጥ ለመርማሪው መንገር ይጠቅማል።

ሰባተኛ፣ ትልቅ ገንዘብ ያለበት ቁጥር በሁለት ሰው ይነበብ። አንዱ ጮክ ብሎ ይጥራ፤ ሌላው ከደረሰኙ ጋር ያመሳክር። በምርት ገበያው አዳራሽ ዋጋ በድምፅ ይጠራ በነበረበት ጊዜ ይህን ሥራ ጆሮ ይሠራው ነበር። አሁንም ዓይንን ሊያግዘው ይችላል።

ከእነዚህ ሰባት ነገሮች ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው መነጽሩ ብቻ ነው። ሌላው የሚጠይቀው አንድ ጠዋትና ትንሽ ትዕግሥት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ባለቤቱ ስህተት ባገኘ ቁጥር መዝጋቢዋን ከመውቀሱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ይኖረዋል፤ “ኮምፒዩተሩ የታደሰው መቼ ነው?” ብሎ ይጠይቅ። በደብረ ኤልያስ የእህል ሚዛን የተነካካ እንደሆነ ገበሬው ስንዴውን ከማፍሰሱ በፊት ይፈተሽልኝ የማለት መብት አለው። ስክሪኑ የተነካካባት መዝጋቢም ይህንኑ ብትጠይቅ ሥራ ፈታች ሊባልባት አይገባም።